ሳይሰደዱብን በፊት፦ ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
ባሕር ዳር

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ጥያቄዬን ላስቀድም። ባሕር ዳር ላይ የሥዕል ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ፣ ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ ሰዓሊዎች የከተማውን የነዋሪነት መታወቂያ ሳይጠየቁ ይሳተፉ። ቢሮውም ከሚቀርቡት ሥዕሎች ጥቂቱን ገዝቶ ያስቀምጥ። ጥያቄዬ ይኸው ነው።

እኔ ፍሬም ሠሪ ነኝ። የሠርግ ፎቶ፣ የምርቃት ፎቶ፣ የእመቤታችን ሥዕል፣ የሟች አባት ጉርድ ፎቶ ይመጣልኛል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ ዓይነት ሥራ መምጣት ጀመረ። ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ ነው የሚመጣው። ስፈታው የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ጆንያው ጀሶና ኮላ ተቀብቷል፤ በላዩ ላይ የቤት ቀለም። ጠርዙ ጋ «50 ኪ.ግ» የሚለው ጽሑፍ ከቀለሙ ሥር አጮልቆ ያያል። ሥዕሉ ግቢ ነው፤ ከላይ የታየ ግቢ። ቆርቆሮው አለ፣ አጥሩ አለ፣ የማንጎው ዛፍ አለ። በር የለውም።

ሰዓሊው ከመተከል፣ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ተፈናቅሎ የመጣ ወጣት ነው። ቀን ቀን የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፋል፣ ባጃጅ ላይ ጥቅስ ይጽፋል። ማታ በተከራያት ክፍል ውስጥ የራሱን ይሥላል። «ሸራ ለምን አትገዛም?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሸራውስ ውድ ነው፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም» አለኝ። «እዚያ እያለሁ ግድግዳ ላይ ነበር የምሥለው። ግድግዳው እዚያው ቀረ። ይሄ ግን ተጠቅልሎ ብብቴ ሥር ይገባል።»

ሌላዋ ደግሞ በ2013 ቻግኒ፣ ራንች መጠለያ ከነበሩት አንዷ ናት። የምትሥለው መንገድ ብቻ ነው፤ በሌሊት በጭነት መኪና ላይ ሆና ያየችውን። ጥቁር በጥቁር ላይ። ደንበኞቼ ሲያዩት «ይሄ አላለቀም እንዴ?» ይላሉ። አልቋል።

የጆንያው ሰዓሊ ይወቀው አይወቀው እንጃ እንጂ የሚጠቀለል ሥዕል ለአገራችን አዲስ አይደለም። ዘጌ ተሻግራችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የገባችሁ ታውቁታላችሁ። ግድግዳ ላይ የተሣለ የሚመስለን ሥዕል ጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው።

ጎጃምማ ከአገሩ የራቀ ሰዓሊንም ያውቃል። ኒኮሎ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሰው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ መጥቶ አገራችን ቀረ። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲያገኘው 40 ዓመት ያህል ተቀምጦ ነበር። በዚያ ዘመን ቤተ መንግሥቱ ባለሙያ ፈረንጅ ካገኘ ቶሎ አይለቅም። የዚህ ሰው ሥዕሎች ጎጃም ውስጥ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ተገኝተዋል። እመቤታችንን ልጇን በግራ እጇ አቅፋ ስለሣላት ሕዝቡ ተቆጥቶበት ነበር ይባላል። መታወቂያ ግን የጠየቀው ሰው የለም።

የእኛዎቹ ሰዓሊዎችስ? ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ተምሮ፣ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። በደርግ ዘመን ተሰደደና በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። በስሙ የተጠራው ሙዚየም አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ከስንት ዓመት በኋላ ነው። እስክንድር ቦጎስያን የክታብና የጥልሰም፣ ማለትም የአስማት ሥዕል፣ መልክ ያለበትን ሥዕል ይዞ ወጥቶ፣ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ኖሮ በ2003 እ.ኤ.አ. እዚያው አረፈ። ክታቡና ጥልሰሙ የጎጃም ደብተራ የዕለት ሥራ ነበር፤ ከታወቁት ሥዕሎቹ ብዙዎቹን ለማየት ግን ዛሬ የባሕር ማዶ ሙዚየም ደጅ መጥናት አለብን። ጁሊ መህረቱ በ1977 እ.ኤ.አ. ከቤተሰቧ ጋር ስትሰደድ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ዛሬ የከተማ ካርታና የሕንፃ ንድፍ እየደራረበች የምትሠራቸው ሥዕሎች በሚሊዮን ዶላር ይሸጣሉ። ያኔ «የእኛ ልጅ» ለማለት ማን ይቀድመናል!

አሁን ወደ መታወቂያው። ያ የጆንያው ሰዓሊ አንድ መሥሪያ ቤት ላወጣው የሥዕል ኤግዚቢሽን ሊመዘገብ ሄዶ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው። መታወቂያው የመተከል ነው፤ ጊዜውም አልፎበታል። «ከቀበሌህ አሳድሰህ ና» ተባለ። ቀበሌውማ ደህና ቢሆን እሱስ እዚህ ምን ያደርግ ነበር? ጆንያውን መልሶ ጠቀለለና እኔ ጋ መጣ። ያን ቀን ፍሬም አላሠራም፤ ቡና ጠጥቶ ሄደ።

«ተፈናቃይ ስንዴ እንጂ ኤግዚቢሽን አይበላም» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ስንዴው ይቅደም፤ አልከራከርም። እኔ ግን አዲስ ሕንፃ አልጠየቅኩም። ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ከነአዳራሹ አለ። መታወቂያ የሚለውን መስመር ከፎርሙ ላይ ለመሰረዝም በጀት አያስፈልግም። ገንዘብ የሚጠይቀው ግዢው ብቻ ነው፤ በዓመት አምስት ሥዕል ቢሆን ለሰዓሊው የወራት የቤት ኪራይ ነው፤ ለክልሉም ቅርስ።

አንድ ስጋት አለኝ። እሺ ካላችሁ በኋላ ደግሞ ድንኳንና የምታለቅስ እናት ሥላችሁ አምጡ እንዳትሏቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር አሰልፋችሁ እንዳታስጎበኟቸውም አደራ። የሚፈልጉትን ይሣሉ። ማንጎ ከሆነ ማንጎ፣ ባጃጅ ከሆነ ባጃጅ። ከሥዕሉ ሥር በምትለጥፉት ካርድ ላይም ስማቸውን ጻፉ፤ «ተፈናቃይ» የሚለው ቃል እዚያ ላይ አያስፈልግም። ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ያሉትንም አትርሱ፤ ሁሉ ነገር ባሕር ዳር ላይ ሲያልቅ እነሱም ይታዘቡናል።

እሺ ካላችሁ ቀኑን ቆርጣችሁ ንገሩን። ለመጀመሪያው ኤግዚቢሽን የፍሬሙን እንጨትና የእጅ ዋጋውን እኔ እችላለሁ። የመስታወቱን ግን ቁጭ ብለን እንነጋገር፤ ዋጋው ጣራ ነክቷል።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ፍሬም ሠሪ፣ ከባሕር ዳር