ያ የጨነቅ መዝገብ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን ደህና ነን። እናቴ ዓይኗ ደከም ብሏል እንጂ ጉልበቷ እንደ ድሮው ነው፤ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ያንተን ስም ሳታነሳ አትውልም። ከተጠፋፋን ዘመን አለፈን። መጀመሪያ ስልኩም መንገዱም ተዘጋ፤ ኋላ ሲከፈት ደግሞ ያየነው ሁሉ በደብዳቤ የሚነገር አልሆን አለኝ። አሁን ናፍቆቱም በረታ፣ አንተን የምለምንበት ጉዳይም መጣ።

የስሜን ተራራችን ከኮሮና ወዲህ እንግዳ እንደ ድሮው አላየም። ወረርሽኙ ሳያልፍ ጦርነቱ ደረሰ፤ እሱ በረደ ሲባል በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሳ። የተጎዳው ደባርቅ ላይ ሆቴል የከፈተው ብቻ እንዳይመስልህ። በቅሎውን ይዞ ተራ ይጠብቅ የነበረው የአምባራስ ገበሬ፣ በየካምፑ ብርድ ላይ እሳት አንድዳ እንግዳ ታበላ የነበረችው አብሳይ፣ መሣሪያ ይዞ እንግዳ እያጀበ በሄደበት ቀን ልክ ይከፈለው የነበረው ስካውት፣ ሁሉም በበጋ ያገኟትን ይዘው ነበር ክረምቱን የሚሻገሩት። ታዲያ ይህን ጉዳት ማን መዘገበው? በብዛት ተጽፎ የምታገኘው የገባው ጎብኚ ቁጥርና የመግቢያው ገንዘብ ነው። ባለበቅሎው በዓመት ስንት ጊዜ ተራው ደረሰው የሚለውን የሚጠይቅ ቅጽ እኔ አላየሁም። የተጻፈውም ቢሆን ወደ ላይ ይሄዳል እንጂ ተመልሶ ለገበሬው ሲነበብለት ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ከአስጎብኚዎች፣ ከባለበቅሎዎች፣ ከአብሳዮችና ከፓርኩ ሠራተኞች የተውጣጣን ጥቂት ሰዎች የቱሪዝሙን መዝገብ እንደ አዲስ ልንጀምር ተነስተናል። አንተ በሪፖርት ብዛት እንደተሰላቸህ አውቃለሁ፤ እዚህም «ሆዳችን ሳይሞላ ምን ወረቀት ነው?» የሚሉን አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ግን የስሜንን ታሪክ አስበው። እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ 12 አንዱ ነበር። በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣው በ2017 ፖላንድ ክራኮው ላይ በተደረገው ስብሰባ ነው (ክራኮው ራሷ ከ12ቱ አንዷ መሆኗን ሳውቅ ደስ ብሎኛል)። በእነዚያ 21 ዓመታት ከእኛ የተፈለገው ማስረጃ ነበር፦ ዋልያው ስንት ደረሰ፣ ቀይ ቀበሮው እንዴት ነው፣ ከብት ምን ያህል ይግጣል፣ ፓርኩን ሰንጥቆ የሚያልፈው የመኪና መንገድ ምን ይሁን። ቆጣሪዎች በዚያ ብርድ ገደል ለገደል ባይመላለሱ ኖሮ መሻሻሉን ማን ያምነን ነበር? ዋልያውን እንዲያ የቆጠርን ሰዎች ቱሪዝሙን ግን በዚያ ትጋት አልተከታተልነውም።

የሌላውን አገር ሳነብ አንድ ነገር ልቤን ነካው። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚያስተባብረው የዘላቂ ቱሪዝም መከታተያ ጣቢያዎች መረብ አለ። አባል የሆነ አካባቢ ራሱን በ11 ጉዳዮች ይከታተላል፤ የወቅቱ መለዋወጥ፣ የሥራ ዕድሉ፣ ውሃው፣ ቆሻሻው፣ የሚያነደው ኃይል ሁሉ አለበት። ከእነዚያ አንዱ የነዋሪው እርካታ ነው። እንግዳው ሳይሆን ባላገሩ «ይህ ነገር ይበጅሃል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። በጣሊያን ተራሮች ደቡብ ታይሮል የሚባለው አውራጃ እ.ኤ.አ. በ2018 ገብቶ፣ ዩራክ የሚባል የምርምር ተቋም መረጃውን እያሰባሰበ ለሕዝብ ያወጣዋል። እነሱን ያስጨነቃቸው የእንግዳና የመኪና ብዛት ነው፣ እኛን የእንግዳ መጥፋት። ቢሆንም ሁለታችንም የምንጠይቀው ይህ ሥራ ተራራውንም ባለተራራውንም ይዞ ይዘልቃል ወይ ነው።

ወደ ልመናዬ ልምጣ። ከሁሉ አብልጬ የማስበው ለእግር መንገዱ ነው፤ ከሳንቃበር ካምፕ በግጭ መንደር አድርጎ፣ በእሜት ጎጎ ጫፍ ዞሮ ጨነቅ ካምፕ ለሚደርሰው። አንተ ታውቀዋለህ። ዝናብ ሲመታው መሃሉ ይጨቀያል፣ ጭነት የያዘች በቅሎ ጭቃውን ሸሽታ በጓሳው ላይ ትረግጣለች፣ ተከታይዋ ደግሞ ከእሷ ወዲያ። አንድ የነበረው መንገድ ሁለት ሦስት ይሆናል፤ ሣሩ ከሞተ በኋላ ጎርፉ በዚያው ገብቶ ቦይ ያወጣበታል። የመንገዱን ስፋት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ወር፣ በየዓመቱ የለካ ሰው የቱሪዝሙን ክብደት በእጁ ይዟል ማለት ነው። አንተ ደግሞ ለክተሃል። ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ በየምልክቱ እየቆምክ፣ ክረምቱ እንደወጣ በጥቅምት፣ ሜትር ዘርግተህ የጻፍክበት ያ ሰማያዊ ደብተር እጅህ ላይ እንዳለ ይሰማኛል።

አሁን ያለንበት ጊዜ ዳግመኛ የሚገኝ አይመስለኝም። መንገዱ ያርፋል ብሎ ማንም ሳያቅድ አርፏል። ዛሬ ብንለካው ያረፈ መንገድ ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ ያንተ ደብተር ደግሞ የደራበትን ዘመን ይነግረናል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ስናደርግ፣ እንግዳው ሲመለስ ስንት በቅሎ በየትኛው ወር ይበቃል ብለን ከልባችን ልንከራከር እንችላለን። ደብተሩ ከሌለ የእኛ ልኬት ብቻውን ምንም አይልም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። አንተ የለካኸው የግጭ መንደር ሰው እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ሳይነሳ ነው፤ ገብሱ ከመንገዱ ዳር ሲታጨድ ጽፈሃል። ዛሬ እዚያ ሣሩ መልሶ ለብሷል። ያገገመው ከብትና እርሻ ስለተነሳ ነው ወይስ የጎብኚ በቅሎ ስለቀረ? የሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ቃጠሎም መሃል ገብቷል። ይህን ሳይለዩ «ሰው ሲነሳ ተራራው ዳነ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ለተነሱት ሰዎች ስል እንዲህ በጥድፊያ እንዲጻፍ አልፈልግም። አገራቸውን የለቀቁ ናቸው፤ ቢያንስ የተከፈለው ዋጋ ምን እንዳተረፈ በትክክል ሊነገራቸው ይገባል። እነሱም ከሚጠየቁት ነዋሪዎች ውስጥ እንዲገቡ ተከራክሬ አሳምኛለሁ፤ ደባርቅ ይኖራሉ ተብለው ከተራራው መዝገብ መውጣት የለባቸውም።

ከመንገዱ ሌላ የምንይዘው ጥቂት ነው፦ በየካምፑ ስንት ሰው አደረ፣ ተራው ለማን ለማን ደረሰ፣ ምግቡ በጋዝ በሰለ ወይስ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ ለማገዶ ተቆረጠ፣ ቡይት ራስ ላይ ጭላዳው እንግዳ ሲቀርበው ይሸሻል ወይስ ምግብ ፍለጋ ይጠጋል። የመጨረሻውን የመንደሩ ልጆች ራሳቸው ናቸው ያመጡት፤ ጭላዳ ከሰው እጅ መብላት ከለመደ ጣጣው ለገብሱም እንደሚተርፍ ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ዝርዝሩን አናበዛም፤ ስካውቱ በብርድ በደነዘዘ ጣት ሊሞላው የማይችለው ቅጽ ሁለት ወር አይዘልቅም። በዓመቱ መጨረሻ የተገኘውን አምባራስ ላይ በሰንበት፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ጮክ ብለን እናነባለን። ገበሬው «ይህ ልክ አይደለም» ካለን እዚያው ይጻፋል፤ ሌላ ቦታ የሚላከው ከዚያ በኋላ ነው።

እባክህ ደብተሩን ፈልግልኝ። ዋናውን በፖስታ አትላከው፤ መጀመሪያ ገጽ በገጽ በስልክህ አንሳና በቴሌግራም ላክልኝ፣ ደብተሩን የምታምነው ሰው ወደ ጎንደር ሲመጣ ስጠው፤ እኔ ወርጄ እቀበለዋለሁ። የተሰረዘውን አታስተካክል፣ የደበዘዘውንም አትድገምበት፤ እንዳለ ይምጣ። ምልክት ያደረግክባቸውን ድንጋዮች አንዳንዶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ከጅንባር ፏፏቴ ወዲህ ያሉትን ግን አንተ ካልነገርከኝ አላገኛቸውም። ከቻልክ ንድፍ ሥራልኝ። ልኬቱን በጥቅምት ልንጀምር ስላሰብን ከመስቀል በፊት ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል።

ለቤተሰብህ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እናቴ ድምፅህን መስማት ትፈልጋለችና ደውልላት፤ ማታ ማታ ኔትወርኩ ይሻላል።

ወንድምህ፣ ከደባርቅ