ሙዚየም የዋልሽበት ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ነፍሳችን ተርፋለች፤ እናትሽም ወንድምሽም አጠገቤ ናቸው።

«እናንተ በጎርፍ ስትጨነቁ እኔ ስድስት ኪሎ ሙዚየም ውስጥ ሥዕል እያየሁ ነበር» ብለሽ ያለቀስሽው ከሆዴ አልወጣ አለ። ጎርፉን አንቺ አላመጣሽውም። እዚህ ብትኖሪ ኖሮ የእኔ ጭንቀት እጥፍ ይሆን ነበር እንጂ ውኃው አይመለስም።

ሸዋ ሮቢት ያን ቀን እምብዛም አልዘነበም። የዘነበው ደጋው ላይ ነው። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እኛ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ያ ሁሉ ውኃ ዛፉ በተመናመነ ዳገት ቁልቁል ሲወረወር አፈሩንም ድንጋዩንም ጠርጎ ይመጣል። የሮቢ ወንዝ ወለል በአሸዋ እየተሞላ ከፍ ስላለ፣ ሲሞላ መሄጃው ማሳችን ሆኗል። መጀመሪያ የሰማነው ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ነው። ወደ ጉብታው ሮጥን። ሽንኩርቱ ሄደ፤ ማሾው በደለል ተቀበረ።

ስንመለስ ቤቱ ውስጥ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ነበር። የእመቤታችን ሥዕል ከግድግዳው ወድቆ አገኘነው። ታችኛው ጠርዝ ቡናማ ሆኗል፤ ፊቷ ግን አልተነካም። ወረቀቱ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። እናትሽ ፀሐይ ላይ ልታሰጣው ስትል ቀለሙ እንዳይለቅ ፈርቼ ጥላ ሥር አኖርኩት።

በይ እሑድ ወደ ሙዚየሙ ተመልሰሽ ሂጂ። ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠቁሯል ያልሽኝን የእንጨት ሥዕል ደግመሽ እይው። አባቶች እንጨቱን መጀመሪያ ጀሶ ቀብተው፣ በዚያ ላይ ነው የሚሥሉት፤ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ካለ ነጩን ታገኚዋለሽ። ከተቻለሽ አፍሪካ አዳራሽም ግቢ። የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ሳትቸኩዪ ተመልከቺው፤ 150 ካሬ ሜትር ነው። አፈወርቅ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር የተወለደ የእኛው አገር ልጅ ነው። ጠዋት ብርሃን ሲገባበት መሬቱ ላይ ምን ቀለም እንደሚያርፍ ጻፊልኝ፤ ለእናትሽ አነብላታለሁ። ጭቃ ስትዝቅ ውላ ማታ የምትጠይቀኝ ስለ አንቺ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሙዚየሙ ውስጥ ቅርስ የሚጠግኑ ባለሙያዎች ካሉ፣ ከመስታወት ጋር የተጣበቀ የረጠበ ሥዕል እንዴት እንደሚላቀቅ ጠይቂልኝ። መልስሽ እስኪደርስ አልነካውም።

አባትሽ