በቅዳሜው ጉብኝት ስለምናገኛቸው ሠዓሊ

የተከበራችሁ አባላት፣

በመጪው ቅዳሜ ደሴ ላይ የምንጎበኛቸው ሠዓሊ በየትኛውም የሥዕል ትምህርት ቤት ያላለፉ በመሆናቸው፣ ስለ አመጣጣቸውና ስለ አሠራራቸው አስቀድሞ ጥቂት ማለት ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በቆሎ ተማሪነታቸው ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አካባቢ ሳሉ፣ በቤተ ክርስቲያን ያዩትን ሥዕል በምጣድ ስባሪ ላይ በከሰል ይገለብጡ ነበር። አንድ መሪጌታ ለጥቂት ወራት ቀለም መበጥበጥን ካሳዩዋቸው በቀር መምህር አልነበራቸውም። የገዳሙ አበምኔት የነበሩት የአባ ኢየሱስ ሞዓ ምስል ያለበት የገዳሙ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ወንጌል ዛሬም የመስመራቸው መለኪያ ነው።

አቡጀዲውን በእንጨት ከወጠሩ በኋላ ኮላና ጀሶ 3 ጊዜ ይቀቡታል፤ በየመካከሉም አድርቀው በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱታል። ከጦሳ ተራራ ግርጌ የሚያመጡትን ቀይ አፈር በድንጋይ ፈጭተው፣ በአሮጌ ነጠላ አጥልለው፣ በእንቁላል አስኳል ይለውሱታል። ሰማያዊውን ግን ከሱቅ ይገዙታል፤ ይህንንም አይደብቁም።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ሲሣሉ፣ ኃጥአን በአንድ ዓይን ወደ ጎን ይሣላሉ። እርሳቸው የባቲን የሰኞ ገበያ ሲሥሉ አንድም ሰው ወደ ጎን አላዞሩም፤ ጨው ሻጯም፣ ግመል ነጂውም በሙሉ ፊታቸው ያዩናል። በእኔ ግምት የእጅ አሣሣላቸው ከፊቱ ያነሰ ነው፤ ጣቶቹ ይደርቃሉ። ዓይንን የሚሥሉት መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ያልተጠናቀቁት ሥራዎች ዓይን አልባ ሆነው ብታገኟቸው አትደነቁ። ቀለሙ ቶሎ ስለማይጠነክር ሸራውን በእጅ ከመንካት እንድትቆጠቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።