ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ 2147483647

ይድረስ ለውድ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ሐረር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

እሑድ ስትደውዪ፣ የጻፍሽው ፕሮግራም 2147483647 ላይ ደርሶ አንድ ሲጨመርበት በድንገት ከዜሮ በታች እየወረደ እንዳስቸገረሽ ነግረሽኝ ነበር። እኔ ይህን ቁጥር ኮምፒውተር ከማየቴ በፊት አውቀዋለሁና በስልክ የማይመቸውን በደብዳቤ ላስረዳሽ ብዬ ነው።

ቁጥሩ 31 ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ የሚገኝ ሲሆን ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ ፈላና በር አጠገብ በነበረው ቤታችን ግቢ ቆርኪ ትደረድሪ ነበር። 12ቱን በሦስት ረድፍ አራት አራት አድርገሽ ትጨርሺና፣ አንዲት ስትጨመር በምንም አደራደር ስላልገባችልሽ «አባባ፣ ይቺን የት ላድርጋት?» እያልሽ ትመጪ ነበር። 13 ከአንድ ረጅም ረድፍ ሌላ አደራደር የለውም፤ 2147483647ም እንዲሁ ነው።

ይህን ያረጋገጠው ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሌዎንሃርድ ኦይለር ነው። በ1772 እ.ኤ.አ. የዓይኑ ብርሃን ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ሳለ ውጤቱን አስታወቀ፤ ከ80 ዓመት በላይም ከዚህ የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር አልታወቀም። 46341 በራሱ ሲባዛ ከቁጥሩ ስለሚበልጥ፣ አካፋይ ቢኖረው አንዱ ከዚያ በታች መገኘት አለበት፤ ሆኖም እስከ 46340 ያሉትን ከ4,000 የሚበልጡ ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ መሞከር በእጅ ለሚያሰላ ሰው እጅግ አድካሚ ነው። እርሱ ግን አስቀድሞ አጣራቸው። ቁጥሩ ብቸኛ አካፋይ አለው እንበል። ከአንድ ጀምረሽ እጥፍ እያደረግሽ ለዚያ አካፋይ ብታካፍዪ፣ ቀሪው በየ31 እርምጃው ወደ አንድ ይመለሳል፤ ፌርማ በተባለው የሒሳብ ሊቅ ሕግ መሠረት ደግሞ ከአካፋዩ በአንድ ያነሰ እርምጃ ላይም ቀሪው አንድ ነው። ስለዚህ ከአካፋዩ አንድ ሲቀነስ የሚገኘው የ31 ብዜት መሆን አለበት፤ አካፋዩ ጎዶሎ ስለሆነም ይኸው ቁጥር የ62 ብዜት ይሆናል። በሌላ ሕግ ደግሞ አካፋዩ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ ወንፊት የሚያልፉት ከ400 ያነሱ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ እንኳ አላካፈለውም።

31 ራሱ ብቸኛ መሆኑ ብቻውን በቂ እንዳይመስልሽ። 11ም ብቸኛ ነው፤ ነገር ግን 11 ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ የሚገኘው 2047 የ23 እና የ89 ብዜት ነው። ሁለቱን አስተውያቸው፤ ከእያንዳንዳቸው አንድ ብትቀንሺ የ22 ብዜት ታገኛለሽ።

አሁን ወረቀት አምጪና በ13 ሞክሪው። ቁጥሩ 8191 ነው፤ እስከ 90 ድረስ መፈተን ይበቃል። የ26 ብዜት ላይ አንድ ስትጨምሪ 27፣ 53 እና 79 ይወጣሉ፤ ለ8 ስታካፍዪያቸው 27 እና 53 ይወድቃሉ። የሚቀርሽ 79 ብቻ ነው። 8191ን ለእርሱ አካፍዪው፤ 103 ይደርሳል፣ 54 ይተርፋል።

አባትሽ