ለልጄ፦ የአግራን ምሽግ ከማየትሽ በፊት

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ እናትሽ ግን የአክስትሽ ልጅ ከደልሂ ደውሎ ክፍል ውስጥ ራስሽን ስተሽ መውደቅሽንና ሐኪም ቤት ግሉኮስ ተሰክቶልሽ ማደርሽን ከነገራት ሌሊት ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። ምክንያቱ ሌላ ሳይሆን ውሃ አለመጠጣትሽ መሆኑን ስሰማ ተቆጣሁ፤ ከእኛ መደበቅሽን ስሰማ ደግሞ አዘንኩ። ከእንግዲህ ውሃ ሳትይዢ ከበር አትውጪ።

በሚቀጥለው ሳምንት ከክፍል ጓደኞችሽ ጋር የአግራን ምሽግ ለማጥናት እንደምትሄጂ ጽፈሽልኛል። አትሂጂ አልልሽም፤ ኪነ ሕንፃ ለመማር ህንድ ድረስ ሄዶ ያንን ሳያዩ መመለስ ነውር ነው። ነገር ግን የግንቦት ሙቀት እዚያ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ፣ በሩ ፀሐይ ስትወጣ ሲከፈት ግቢና ቀትር ሳይሆን ውጪ። ታጅ ማሃል ዓርብ ዝግ ስለሆነ ለጓደኞችሽም አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

የምትገቢው በደቡብ በኩል ባለው በአማር ሲንግ በር ነው። በምዕራብ ያለው የደልሂ በር ከእርሱ የበለጠ ያማረ ቢሆንም፣ የምሽጉን ብዙውን ክፍል ዛሬም የህንድ ጦር ስለያዘው ለጎብኚ አይከፈትም። በሩን ስታልፊ መንገዱ ወዲያው እንደሚታጠፍ ልብ በዪ፤ በዝሆን በር ሊሰብር የሚንደረደር ጠላት ኃይሉን እንዲያጣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ከዚያ በሁለት ረጃጅም ግንቦች መካከል ዳገቱን ስትወጪ ቀስ በዪ፤ ድንጋዩ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል።

የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሥ የነበሩት አክባር በዚያ ቦታ ያገኙት ባዳልጋር የተባለ የጡብ ምሽግ ነበር። እርሱን በአዲስ ለመተካት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1565 ጀምረው በስምንት ዓመት ውስጥ፣ 3.5 ሚሊዮን ሩፒ አውጥተው፣ ወደ 21 ሜትር ከፍታ ያለውን የቀይ አሸዋ ድንጋይ ግንብ አቆሙ። ዙሪያው 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ቅርፁ ግማሽ ጨረቃ ነው፤ ቀጥ ያለው ጎኑ ወደ ያሙና ወንዝ ያያል። በምሽጉ ውስጥ ባለው ጃሃንጊሪ ማሃል በሚሉት ቤተ መንግሥት ግቢ ጣሪያውን የተሸከሙትን ደጋፊዎች ቀና ብለሽ እያቸው፤ ድንጋይ ሲሆኑ አናጢ እንደ ጠረባቸው እንጨት ተፈልፍለዋል። የአክባር ታሪክ ጸሐፊ አቡል ፋዝል በቤንጋልና በጉጅራት ስልት የተሠሩ ከ500 የሚበልጡ ሕንፃዎች ነበሩ ይላል፤ ዛሬ የቀሩት ጥቂት ናቸው። አንዳንዱን የልጅ ልጃቸው ሻህ ጃሃን ነጭ እምነ በረድ ለመትከል ሲሉ አፈረሷቸው፤ ብዙውን ደግሞ እንግሊዞች ለወታደር መኖሪያ ሲሉ ናዱት። ሻህ ጃሃን የተከሉት የሚያስደንቅ ነው፤ ቢሆንም የአያትን ቤት አፍርሶ መሥራታቸውን እስከ ዛሬ አልወደድኩላቸውም።

ሙሳማን ቡርጅ የሚሉት ባለ ስምንት ማዕዘን ግንብ በወንዙ በኩል ነው። ሻህ ጃሃን ይህን እምነ በረድ በአበባ አምሳል በከበሩ ድንጋዮች አስጊጠው ያሠሩት በደጉ ዘመናቸው ነበር። በ1658 ልጃቸው አውራንግዜብ ምሽጉን ከበበ፤ መድፉ ግንቡን ባይበግረው ወደ ወንዙ የሚያወጣውን በር ይዞ ውሃ ከለከላቸው። በውስጥ የነበረው የጉድጓድ ውሃ መራራ ነበር። ያን ሁሉ ሀብትና ሠራዊት ያዙ የነበሩት ንጉሥ በሰኔ ሙቀት በጥቂት ቀናት ውስጥ በሩን ከፈቱ፤ ያንን ግንብ ያስከፈተው ውሃ ጥም ነው። ስለዚህ ልጄ፣ ጠርሙስሽን ሞልተሽ ያዢ ስልሽ የሽማግሌ ጭቅጭቅ አድርገሽ አትውሰጂው።

ከዚያ በኋላ ሻህ ጃሃን እስከ 1666 ድረስ፣ ሴት ልጃቸው ጃሃናራ እያስታመመቻቸው፣ የሚስታቸውን መቃብር ታጅ ማሃልን በሩቅ እያዩ በእስር ኖሩ። የእኛው አፄ ፋሲለደስ የላኳቸው መልእክተኞች ደልሂ ገብተው ለአውራንግዜብ እጅ መንሻ ሲያቀርቡ፣ አባቱ ገና በአግራ እስረኛ ነበሩ። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይከብደኛል።

እኔም በጥቅምት 1978 ዓ.ም. በዚያው በሙሳማን ቡርጅ መስኮት ቆሜ ነበር። በኮቴ ኪስ ውስጥ አያትሽ ለዲያቆኑ ነግረው ያስጻፉት ደብዳቤ ነበር። ቱምቢያቸውን እቤት ውስጥ ተሰቅሎ አይተሽዋል፤ ጎንደር ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ ሲያነሡና ሲያስቀምጡ የኖሩ ግንበኛ እንደ ነበሩ ታውቂያለሽ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከህንድ የመጡ ባለሙያዎች የኖራን ሥራ እንዳሳዩ ከአለቆቻቸው ሰምተው ስለ ነበር፣ ከእኔ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «በህንድ ነገሥታት ቤት ድንጋዩን ከድንጋይ ያያያዘው ምንድን ነው? ኖራ ከሆነ ከምን ጋር አቦኩት? በዓይንህ አይተህ፣ በጣትህ ዳብሰህ ጻፍልኝ።»

ግንቡ ከፊቴ ነበር፤ እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። እኔ ግን ከጓደኞቼ ጋር ታጅ ማሃልን በመስኮቱ ስመለከት፣ ፎቶ ስነሣ ዋልኩ፤ ማታም ፖስት ካርድ ገዝቼ «ደኅና ነኝ፤ ቦታው በጣም ያምራል» ብዬ ላክሁላቸው። በኅዳር አረፉ። ካርዱ የደረሰው ከቀብራቸው በኋላ ነው።

አቡል ፋዝል የዚያ ግንብ ድንጋዮች መጋጠሚያ ፀጉር እንኳ እንደማያስገባ መጻፉን ያነበብኩት ከሦስት ዓመት በኋላ ነበር። የሙጋል ግንበኞች ኖራውን ከተፈጨ ሸክላ ጋር ያቦኩት እንደ ነበርም በኋላ ተማርኩ። አያትሽ ይህን ቢሰሙ ያን ዕለት እህል የሚቀምሱ አይመስለኝም፤ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞሩ ያወሩት ነበር።

አንቺ እንደ እኔ አታድርጊ። ከግንቡ ጥግ፣ ጥላ ባለበት ቁሚና መጋጠሚያውን በጣትሽ ዳብሺው። ቀዩ ድንጋይ በተላጠበት ቦታ ከኋላው ያለው ሙሌት ጡብ ይሁን ጥርብ ድንጋይ እይ፤ የኖራው ቀለም ነጭ ነው ወይስ ወደ ቀይ ያደላል? ምንም ነገር አትፋቂ፣ ከግንቡም ጫፍ ላይ አትቀመጪ። ያየሽውን በዚያው ምሽት፣ ድካሙ ሳያስረሳሽ፣ በወረቀት ጻፊልኝ፤ በስልክ የምትልኪው አጭር መልእክት አይበቃኝም። የትንሣኤ ዕለት የላክሁልሽን ገንዘብ ለጉዞው ተጠቀሚበት፣ ሰፋ ያለ ባርኔጣም ግዢበት። እናትሽ የላከችልሽን በሶ አትርሺው፤ ጠዋት በጥብጠሽ ጠጪ።

ውሃ ሁለት ጠርሙስ ያዢ። አንዱን ግንቡን ሳትጨርሺ ጠጪው።

አባትሽ