ጉዳዩ፦ በተሳሳተ የበሽታ ኮድ የተጠየቅነውን ክፍያ ይመለከታል

ለሆስፒታሉ የሂሳብና የኮድ ክፍል
ሜሪላንድ

በአማርኛ የምጽፍላችሁ፣ በምትልኩልን ሂሳብ ጀርባ ላይ አማርኛ ተናጋሪ የትርጉም እርዳታ በነጻ እንደሚያገኝ ስለምታትሙ ነው። ሦስት ጊዜ በእንግሊዝኛ ደውዬ ያልተፈታው በዚህ ይፈታ እንደሆን ልሞክር።

እናቴ ማርች ላይ እናንተ ዘንድ የመጣችው ደም የቀላቀለ አክታ ሁለት ወር ሙሉ ስላስቸገራት ነው። አንድ ጠዋት ስትስል የምስር ፍሬ የምታህል ጠንካራ ነገር ወጣች፤ በሶፍት ጠቅልዬ ይዤላችሁ መጣሁ። ሐኪሟ ሲቲ ስካኑን አይተው የቀረውን በብሮንኮስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ወደ አየር ቧንቧ በማስገባት) አወጡላት፤ ሪፖርታቸው ላይም «ብሮንኮሊቲያሲስ» ብለው ጻፉ፤ በሳንባ የአየር ቧንቧ ውስጥ የተገኘ ጠጠር ማለት ነው። እናቴ በልጅነቷ ጎንደር ሳለች ቲቢ ታማ ድናለች። ያኔ ያበጡት ዕጢዎች ካልሲየም ይዘው ይደርቁና፣ ከስንት ዓመት በኋላ የቧንቧውን ግድግዳ ፍቀው ሊገቡ እንደሚችሉ ያስረዱን እሳቸው ናቸው።

እናንተ ለኢንሹራንሱ የላካችሁት የበሽታ ኮድ ግን ጄ 98.01 ነው። ይህ ድንገተኛ ብሮንኮስፓዝም፣ ማለትም የቧንቧው ጡንቻ ተኮማትሮ መጥበብ ነው። ጠጠሩ የሚገባው ጄ 98.09 ውስጥ ነው፤ የቧንቧ ቁስለትና ስቴኖሲስም (የቧንቧ ጥበት) እዚያው ናቸው። እነዚህ ብዙ የማይታዩ በሽታዎች ለየራሳቸው ቁጥር ስለሌላቸው «ሌሎች» በሚለው ስር ታጭቀዋል፤ የሚመስለኝ፣ ኮድ የሚያስገባው ሰው ሪፖርቱን ሳያነብ ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን መርጧል። ይህ አመዳደብ አሜሪካ ውስጥ ከኦክቶበር 1 ቀን 2015 ጀምሮ የሚሠራበት ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም።

ኢንሹራንሱ «ለዚህ ሕመም ይህ ሕክምና አያስፈልግም» ብሎ የሕክምናውን 6,240 ዶላር እኛ እንድንከፍል ወደ እኛ አዞረው። እውነቱን ለመናገር እሱን አልወቅስም፤ ለብሮንኮስፓዝም ማን ጠጠር ያወጣል? እናንተን ስጠይቅ «ኢንሹራንሱን አነጋግሪ»፣ እነሱን ስጠይቅ «ኮዱን የጻፈው ሆስፒታሉ ነው»።

ከገንዘቡ ይልቅ የከነከነኝ ሌላ ነው። ባለፈው ወር ሌላ ክሊኒክ ስትሄድ መዝገቧን ያየው ሐኪም የአስም ታካሚ መስላው አልቡቴሮል አዘዘላት። አስም ኖሯት አያውቅም። ሳሉ ቢመለስባት ደግሞ ጠጠር የሚፈልግላት አይኖርም።

ስለዚህ ሪፖርቱ በሚያነብ ባለሙያ ታይቶ የተስተካከለ ሂሳብ ለኢንሹራንሱ ይላክልን፤ መዝገቧም ይታረም። እስከዚያ ዕዳው ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት እንዳይተላለፍ በጽሑፍ አረጋግጡልን። ይግባኝ ለማለት የተሰጠን 180 ቀን እየቆጠረ ነው፤ በእናንተ መልስ መዘግየት ሊያልፈን አይገባም።

የሐኪሟን ሪፖርት አያይዣለሁ፤ የበሽታው ስም ያለበት ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፣ በቀይ አስምሬበታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የታካሚዋ ልጅ