«ያልገባኝ»፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ውሎ

የክበብ ዘገባ አጻጻፉ የታወቀ ነው። ዕቅድ፣ ክንውን፣ ያጋጠሙ ችግሮች፣ የተወሰዱ መፍትሔዎች። ሁሉም በሰንጠረዥ፣ ሁሉም በመቶኛ። እሱን ሞልቼ ለቢሮ አስገብቻለሁ፤ የፈለገ እዚያ ያገኘዋል። እዚህ የማወራው ዓመቱን ሙሉ ግቢውን ስላነጋገረው አንድ ፕሮግራም ነው።

መነሻው የመስከረሙ ወሬ ነው። የ2016 የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ሲሆን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 5.4 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2014 3.3፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበር። የክበቡ ልጆች በዚህ ላይ አንድ ነገር እንሥራ አሉ። መጀመሪያ ይዘው የመጡት ጽሑፍ የለመድነው ዓይነት ነው፤ «ተማሪዎች ሆይ፣ ጠንክረን እናጥና» የሚል። የሰልፍ ላይ ምክር ማን ይሰማል? እነሱም ያውቁታል። አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ግን «ቲቸር፣ ማጥናቱንስ እናጠናለን። ያልገባንን ማንን እንጠይቅ?» አለች። ፕሮግራሙ «ያልገባኝ» የሚለውን ስሙን ያገኘው ያኔ ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ አንድ የካርቶን ሳጥን አስቀመጥን። ስም አይጻፍም። በፈለጉት ቋንቋ መጻፍ ይቻላል። ረቡዕ ረፍት ሰዓት ላይ አንድ ጥያቄ ተመርጦ በሞንታርቦው ይመለሳል። መጀመሪያ አካባቢ የገባው ቀልድ ነበር። አንድ የፍቅር ደብዳቤም አድራሻ ስቶ እኛ ጋ ደርሷል።

ከዚያ ከደብተር የተቀደደች ግማሽ ወረቀት ወጣች። «ሞል ቁጥር ነው ክብደት? ከ9ኛ ጀምሮ አልገባኝም። አሁን 11ኛ ነኝ» ትላለች።

የኬሚስትሪው መምህር ወረቀቷን ደጋግመው አነበቧት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሞል ያልገባው ልጅ ስቶይኪዮሜትሪን (በኬሚካዊ ለውጥ የሚገባውንና የሚወጣውን መጠን ማስላትን)፣ የሙሙት መጠንን፣ የጋዝ ሕጎችን እንዴት አለፋቸው? በሽምደዳ ነዋ። መልሱን ከሁለት የክበቡ ልጆች ጋር አዘጋጁ፤ ማይኩን ግን ለልጆቹ ተዉላቸው። «ሞል ቁጥር ነው» አለ አንደኛው። «ደብተር በደርዘን ትገዛላችሁ አይደል? አንድ ደርዘን ደብተርና አንድ ደርዘን እስክሪብቶ ቁጥራቸው እኩል ነው፤ ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን ይለያያሉ። ሞልም ልክ እንደ ደርዘን ነው፤ የሚቆጠሩበት ግን አቶምና ሞለኪውል ናቸው፤ ቁጥሩ ብቻ በጣም ትልቅ ነው፤ 6.02 ሲባዛ በ10 ኃይል 23። አንድ ሞል ካርበን 12 ግራም ይመዝናል፣ አንድ ሞል ውሃ 18።» ከሻይ ቤቱ በኩል አንዱ «ኤጭ! ይቺ ናት እንዴ?» ሲል ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ይቺ ጥያቄ ለምን ክፍል ውስጥ አልተነሳችም? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ ያልገባውን ከመጠየቁ በፊት ዓረፍተ ነገሩን መሥራት አለበት። ቢሳሳት ይሳቅበታል። እኛ ደግሞ ምዕራፍ ለመጨረስ እንሮጣለን። «ኢዝ ኢት ክሊር?» እንላለን፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ዬስ ቲቸር!» ይላል። ያ «ዬስ» «ቶሎ ጨርሱልን» ማለት እንደሆነ የማያውቅ መምህር የለም።

የእንግሊዝኛ ዲፓርትመንት ግን ቅር ብሎት ነበር። ፈተናው በእንግሊዝኛ ሆኖ በአማርኛ ማስለመድ ልጆቹን መጉዳት ነው ብለው ተከራከሩ። ነገሩ እውነት አለው። ከታኅሣሥ ጀምሮ መልሱ በአማርኛ ከተነገረ በኋላ ያው መልስ ባጭሩ በእንግሊዝኛ ይደገም ጀመር። ሁሉንም ወገን አላስደሰተም። እኔ በበኩሌ፣ በአማርኛ ያልገባው ነገር በእንግሊዝኛ ይገባዋል ብዬ አላምንም።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ላይ ጥያቄዎቹ ፊታቸውን ወደ አስተዳደሩ አዞሩ። «ላቦራቶሪው ለምን ሁሌ ይቆለፋል?» የሚለው ብቻ በተለያየ እጅ ጽሑፍ ተደጋግሞ መጣ። ይነበብ ወይስ አይነበብ? የሚኒ ሚዲያ ጽሑፍ ቀድሞ ይታያል፤ ደንብ ነው። ይቅርባችሁ ያለን አልጠፋም። ርዕሰ መምህራችን ግን «አንብቡት፤ እኔው እመልሳለሁ» አሉና ረቡዕ ዕለት ማይኩን ያዙ።

«ልክ ናችሁ» ብለው ነው የጀመሩት። ቀጥለው ምክንያቱን ዘረዘሩ። ዕቃው በአንድ ሰው ስም ተፈርሞበታል። ማይክሮስኮፕ ቢሰበር፣ ቢከር ቢጠፋ ተጠያቂው እሱ ነው። ሰውየው ቢቆልፈው ይፈረድበታል? የንብረት አያያዛችን ያልተነካ ዕቃ ያለውን ሰው የሚያመሰግን፣ ልጅ ሲያስተምርበት የተሰበረበትን ደግሞ የሚጠይቅ ነው። ከዚያ በኋላ የሳይንስ ዲፓርትመንቶች በጋራ ፈርመው ቁልፉን ተረከቡ። ላቦራቶሪው አሁን ሐሙስ ከሰዓት ይከፈታል። በሳምንት አንድ ቀን ትንሽ ነው፤ ልጆቹም ይህንኑ ጽፈው ሳጥኑ ውስጥ ከተዋል።

ያልተሳካም አለ። ሎጋሪዝም በሞንታርቦ አይገለጽም፤ ተሞክሮ ታይቷል። የሒሳብ ጥያቄ ሰሌዳና ጠመኔ ይፈልጋል። መብራት ደግሞ ረቡዕን መርጦ የሚጠፋ ነው የሚመስለው። መብራት በሌለበት ቀን መልሱን በወረቀት ጽፈን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍን። የሚገርመው፣ አንዳንዱ ወረቀት ከሞንታርቦው የበለጠ ተማሪ ሰብስቧል፤ ደብተር ይዘው መጥተው የሚገለብጡ ነበሩ።

የቢሮው ቅጽ «ፕሮግራሙ ያስገኘው የውጤት ለውጥ በመቶኛ» የሚል ቦታ አለው። ባዶውን ትቼዋለሁ። ልጆቹ በዚያው ዓመት ሌላም ብዙ ነገር ተምረዋል፤ የትኛው ለውጥ የእኛ እንደሆነ ለይቼ ልናገር አልችልም።

12ኛ ክፍል የነበሩት አባሎቻችን ተሰናብተዋል። ስለዚህ በመስከረም አዲስ አንባቢዎች እንመዘግባለን፤ ድምፁ የሚያምር ብቻ ሳይሆን ያልገባውን «አልገባኝም» ማለት የማያፍር ይምጣ። ረቡዕ ረፍቱን የሚሠዋ አንድ የሒሳብ መምህርም እንፈልጋለን። ሰሌዳውን ከመጋዘን አስወጥተናል፤ በማን ስም እንደሚፈረም ግን ገና አልተወሰነም።